የታናሽ ወንድም ጆግ

የእግር ኳስ ክለቦች ያልተፈተነ ለጋ ልጅ አናስፈርምም ካሉ ወዲህ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ማጎልመሻ ማሽን ውስጥ ይገባና በሳምንቱ የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ይወጣል። ናሁሰናይም ትናንት ከማሽኑ ወጥቶ ለአንዱ ክለብ ፈርሞ፣ ጢሙን አንዠርግጎ ቤቱ ገባ።

ምሳ ሲቀርብ፣ እንደ ልማዱ ሊያስታጥብ ጆጉን አነሳ። እናቱ ግን ከእጁ ቀሙት።

«ተው እንጂ! ከእንግዲህ ታላቅ አንተ ነህ። ውቢት ታስታጥብህ።»

ውቢት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ታላቅ እህቱ ነበረች። ከንፈሯን ነክሳ ውሃውን ታፈስለት ጀመር። እጁ ሻክሯል፤ ደም ሥሩ ተገታትሯል።

ናሁሰናይ እናታቸው እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላሽ ምን ተሰማሽ?»

እጁን ታጥቦ ከጨረሰ ቆይቷል፤ እሷ ግን ማፍሰሷን አላቆመችም።