የተቆረጠው መረብ

ዓሣ ቆጣሪዋ ጡጫዋን በመረቡ ዓይን ብትሰደው ሳይነካት አለፈ። ለቆጠራ የሚጣለው መረብ ትልቁንም ትንሹንም እንዲይዝ ግማሹ ሰፊ፣ ግማሹ ጠባብ ዓይን ነበረው፤ ያን ቀን ግን ጠባቡ ወገን በመቀስ ተቆርጦ ተወስዷል። በጀልባዋ ወለል ላይ የተጋደሙት ዐሥራ አንድ ዓሦች ሁሉም ክንድ ክንድ ያህሉ ነበር።

«ምን አነሳቸው? ልኪና ፈርሚ፣ እህቴ» አለ የግድቡ ኃላፊ ከዳር ቆሞ። «ጥቃቅኑን ለክተሽ አማካይ ርዝመቱን ካወረድሽው የዓሣ ማጥመድ ውድድሩ ይቀራል። ባለመንጠቆዎቹ እንግዶች ደግሞ ነገ ይገባሉ።»

ደሟ ፈላ። «ያምናው ውድድር ትልልቁን ጠራርጎት፣ የቀረው ገና እንቁላል ያልጣለ ጫጩት ነው። እሱንም ላስፈጅልህ? ለመሆኑ ማን ነው ደፍሮ መረቤን የቆረጠው?»

ኃላፊው በአገጩ ወደ ጀልባ ነጂው ጠቆመ። ዐሥራ ስምንት ዓመት አብረዋት የሠሩት ሽማግሌ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

«አባባ፣ እርስዎ?»

«እኔው ነኝ፣ ልጄ። እጄን ይቁረጠው።» የቆጠራውን ቅጽ ከጉልበቷ ላይ አነሱና እስክሪብቶዋን ተቀበሏት። «አንቺ ተይው፤ እኔ ልፈርም። ማን እንዳዘዘኝም ልጨምርበት» አሉ።

ኃላፊው ወረቀቱን ሊነጥቅ ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገባ።