ሁለቱንም ያመኛል

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ላውጋችሁ። ነገሩ የሆነው እንዲህ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጭቃው ገና ሳይጠጥር ነው።

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሩጫውን አይተው ሽምጡ ይሉታል። ማለዳ ይሮጣል፣ ቀን የስፌት መኪናውን በቀኝ እግሩ እየረገጠ ይውላል። የሩጫ ጫማ የሚገዛው ከአንድ ሯጭ ጓደኛው ጋር አዋጥቶ ነው፤ አንድ ጥንድ ለሁለት። እሑድ በውድድር ለሩጫ ቡድኑ ሰው ሊመረጥ ነው። ዕድሜው እየሄደ ነውና ይቺ ካመለጠችው ሌላ የለችም።

በዚያው ሳምንት እግሩን ያመው ጀመር።

መድኃኒት ቤት ሄደ። ሰው ተሰልፏል። እግሩን እንደሚያመው ሲነግራት ሻጯ ከባንኮኒው ኋላ ቀና ሳትል፣ "አንዱን ነው ሁለቱንም?" አለችው።

"ሁለቱንም።"

"ሁለቱንም እኩል ካመመህ የድካም ነው፣ በሁለት በሦስት ቀን ይለቅሃል። አንዱን ብቻ፣ ያውም በጣት የምትጠቁመው ቦታ ላይ ከሆነ ግን እንዳትሮጥ፤ አጥንት ነው።"

አልዋሻትም ልጆቼ። በሁለቱም በኩል ያመው ነበር፤ ግራውንማ እስከ ጣቶቹ ድረስ ይጠዘጥዘዋል።

የእናቱ ልብ ግን አላረፈም። ሐሙስ ከሥራ ሲገባ ከገመዱ ያነሳቻትን አንዲት ካልሲ ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። የቀኝ ቅልጥሙን በአውራ ጣቷ ጫን ብታደርገው በላብ ተጠመቀ።

"የግራህን ተወውና የዚህን ንገረኝ።"

"እማዬ፣ ግራውም ያው ነው። ሁለቱም ካመመ ድካም ነው ተብሏል።"

ፊቷን አዞረች። ያቺን አንዲት ተስፋ ከእጁ ትንጠቀው?

ከዚያ ወዲያ የሽምጡ ሥራ ግራውን ማዳመጥ ሆነ። ሲያመው ደስ ይለዋል። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ዝም ቢለው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቅዳሜ ሕመሙ ተመለሰለት፤ ተመስገን አለ።

እሑድ ሁሉንም እየመራ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ የቀኝ ቅልጥሙ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ዳኛው ሳይቀር ሰማው አሉ።

ጓደኛው ተመረጠ። ሽምጡ ዛሬም ልብስ ይሰፋል፣ መኪናው በእጅ የሚዞር ሆነ እንጂ። እናቱም አለች፤ አርጅታለች። ጓደኛው አሁንም ጫማ በገዛ ቁጥር የቀኙን ያመጣለታል፤ እሱም ከነወረቀቱ አልጋው ሥር ይደረድረዋል።

በግራ በኩል የሚሮጠው በብረት እግር ነበር፤ ግራ እግሩ እኮ ያኔ ከተቆረጠ አራት ዓመቱ ነበር።