ለሽሮፑ መስመር የተመረጠው ሴንሰር

መሐንዲሱ ከውጭ ተምሮ ሲመለስ የመድኃኒት ፋብሪካው የሰጠው የመጀመሪያ ሥራ፣ በፍጥነት ከሚያልፉት የሽሮፕ ጠርሙሶች መካከል መለያ ወረቀት ያልተለጠፈበትን የሚይዝ ሴንሰር መምረጥ ነበር። ሦስት ሞከረ። ሦስቱም በመስመሩ ጫፍ ተቀምጠው ጠርሙሶቹን በጣታቸው ዳበስ እያደረጉ በሚያሳልፉት በእትዬ አስካለ ተበለጡ፤ እሳቸውን አንድም አላመለጣቸውም።

«ማሽንህ ከእኔ ጋር እልህ ተጋባ እንዴ?» ብለው ሳቁበት።

የተማረውን ተጠራጠረ። ሴትዮዋም ከሥራ እንዳይቀነሱ ብሎ «ሴንሰር አያስፈልግም» በሚለው ሪፖርት ላይ ፈረመ። ሊነግራቸው ሲጠጋ፣ በትልቁ «ለአዋቂ ብቻ» የተጻፈበትን ጠርሙስ ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ይዘው አገኛቸው።

«ልጄ» አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዛሬ የምናሽገው የልጆቹን ነው የአዋቂዎቹን?»