የተጨፈነ ዓይን የሚከፍት ስልክ

አማቷ ማየት ካቆሙ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ሁሌም ክድን ነው። እሷም ማን ያየኛል ብላ፣ ከሣጥናቸው ያነሳችውን የወርቅ ጉትቻ ባሏ ሥራ በሄደ ቁጥር ታደርገዋለች።

ዛሬም ጉትቻውን አድርጋ አጠገባቸው ቁጭ አለችና በአዲሱ ስልኳ አብረው ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ላይ አማቷ አፍጥጠው ጆሮዋን ያያሉ። ዞር ብላ አየቻቸው፤ ዓይናቸው ክድን ነው። ደግማ አነሳች፤ ያው ነው። ክው ብላ ጓዳ ገባችና እህቷ ጋ ደወለች።

«ስልኩ ነዋ! የተጨፈነውን ሁሉ ካልከፈትኩ ይላል። የእኔም እንዲሁ አቃጥሎኛል። የፎቶ ማሳመሪያውን አጥፊው!»

«አቦ፣ ማን ክፈት አለው!»

አጥፍታ ተመለሰችና እንደገና አነሳች። አሁን ዓይናቸው ጭፍን ነው። እፎይ አለች።

«የቅድሙ ይሻላል» አሉ አማቷ። «ጉትቻዬ በደንብ ይታይበታል።»