ከጀልባዋ ኋላ ያለው ባንዲራ

ኮማንደሩ ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ቲኬት የሚፈልጉ መስለው ኪሳቸውን ቢዳብሱም፣ ዓይናቸው ከሰውዬው አልተነቀለም። ከሚኖሩበት ሰፈር ከሄሰልቢ ጀምሮ በአንድ ቱነልባና፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ አብሯቸው መጥቷል። ባለፈው እሑድም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «ጅማ አስተማሪ ነበርኩ» ብሎ ከተዋወቃቸው በኋላ፣ ወሬውን ሁሉ ወደ ምጽዋ ሲጎትተው ነበር። የጅማ አስተማሪ ከምጽዋ ምን አለው? ጆሮ ጠቢ ቢሆንስ? ደርግ ወድቆ ከተሰደዱ ወዲህ፣ ዕድሜያቸውን ቀይ ባሕርን ሲጠብቁ የኖሩት የባሕር ኃይል መኮንን ለስቶክሆልም አበሻ ሁሉ «የወደብ ጸሐፊ ነበርኩ» ነው ያሉት።

«ወዴት ነው ጋሼ?» አለ ሰውዬው ጠጋ ብሎ።

«ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው።»

«እኔም እንደዚያው።»

«እንግዲያው ቅደም» አሉት። ጀርባቸውን ሊሰጡት አልፈለጉም።

ሰውዬው ቀደመ። የጀልባዋን ወለል ሲረግጥ ግን ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በስተኋላዋ ወደሚውለበለበው የስዊድን ባንዲራ ዞረና እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ። ወዲያው እንደ መንቃት ብሎ ፀጉሩን ያከከ አስመሰለ። ኮማንደሩ ልባቸው ተመለሰ። መርከብ ላይ ሲወጣ አስቀድሞ ለባንዲራው ሰላምታ የሚሰጥ የባሕር ኃይል ሰው ብቻ ነው። ለካ ምስኪኑ እንደሳቸው ፈርቶ የዋሸ ባሕረኛ ኖሯል! ቀለል ብሏቸው ተከትለውት ወጡ፤ ሳይታወቃቸውም የገዛ እጃቸው ግንባራቸው ላይ ደረሰ።

ሰውዬው ባንዲራውን አያይም ነበር። እጃቸውን ነበር የሚያየው።

«ነፋሱ ደስ ይላል» አለ ቀስ ብሎ፣ «አይደለም እንዴ፣ ኮማንደር?»