የአርባ አምስት ኪሎ ወሰን

ንጋት ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ነቀምቴ በገባች በሦስተኛው ሳምንት ስሕተቱን አገኘችው።

የተረከበችው የሟች ሥራ ነበር። ተረፋ የሚባል የስታቲስቲክስ ባለሙያ ባለፈው ክረምት አረፈ፤ የጀመረው ጥናትም ሳያልቅ ቀረ። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሁለት መቶ አዋቂዎች በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ይመዘናሉ። ቅጹ ከመመዘኛው ክፍል በፖስታ ታሽጎ ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል፤ የመረጃ ጸሐፊዋ ዱረቲ ፖስታውን ከፍታ ወደ ኮምፒውተር ታስገባዋለች። ስም አይጻፍም። እያንዳንዱ ሰው ያለው መለያ ቁጥር ብቻ ነው።

የገባውን ሁሉ ተረፋ አር በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው ፋንክሽን የሚባል አጭር ፕሮግራም ይፈትሸዋል። ዕድሜ ከአሥራ ስምንት በታች ከሆነ ይመልሳል። ገና ያልደረሰ ቀን ከተጻፈ ይመልሳል። የወንድ ክብደት ከአርባ አምስት ኪሎ በታች ከሆነ ደግሞ በቀይ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ይህ የአዋቂ ወንድ ክብደት አይደለም። ሚዛኑ ይታይ።»

በመጀመሪያ እንደዚያ ነበር። ንጋት የለውጥ መዝገቡን ስታይ ግን ወሰኑ አራት ጊዜ ወርዷል። ወደ አርባ አራት፣ ወደ አርባ ሦስት፣ ወደ አርባ አንድ፣ በመጨረሻም ወደ አርባ። አራቱም ለውጦች የተደረጉት ሰኞ ከሰዓት ነው። ከወንዶቹ መካከል ከአርባ አምስት በታች የወረደው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ መለያ ቁጥር 117። ዕድሜው አርባ አንድ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት።

ቀኖቹን ደግማ አስተያየች። ተረፋ ወሰኑን ሰኞ ያወርዳል፤ ዱረቲ ቁጥሩን ማክሰኞ ታስገባለች። ፖስታው ሳይከፈት ውስጡ ያለውን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ተረፋ ካረፈ ወዲህ ደግሞ 117 አንድም ጊዜ አልተመዘነም። ለንጋት ይህ በቂ ነበር። 117 የሚባል ሰው የለም፤ ቁጥሮቹ የፈጠራ ናቸው።

«ጋሽ እሸቱ፣ ተረፋና አዴ ዱረቲ ይግባቡ ነበር?» ስትል የክፍሉን ኃላፊ ጠየቀችው።

እሸቱ ሳቀ። «መግባባት ብቻ? ምሳ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ካንድ ሳህን ነበር የሚበሉት። ያሾፍንባቸው ማሾፍ! ለእሷ ሲል የማያደርገው ነገር አልነበረም።» ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ወደ መስኮቱ ዞረ። «እስቲ ተይኝ በናትሽ።»

ንጋት የፈለገችውን ሰማች። ሰውየው ስለ ሴትየዋ ብሎ፣ የፈጠረችው ቁጥር እንዲያልፍላት፣ ፍተሻውን አላልቷል። የጥናቱ ሪፖርት የሚላከው ዓርብ ነው። ከዚያ በፊት 117 ከጥናቱ ይወጣል፤ ዱረቲም ከሥራዋ።

በማግስቱ ዱረቲ ከጨለለቂ ሰፈር በባጃጅ ስትመጣ ዝናብ አግኝቷታል። እጅጌው ሁለት ጊዜ የታጠፈ ሰፊ ግራጫ ሹራብ ለብሳለች።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ?»

«ደኅና። አንድ ነገር ላሳይዎት፣ አዴ ዱረቲ።»

ወሰኑን ወደ አርባ አምስት መለሰችና ፋንክሽኑን አስኬደችው። ቀዩ ጽሑፍ በ117 ላይ አራት ጊዜ ተደረደረ። ይህ የአዋቂ ወንድ ክብደት አይደለም። ይህ የአዋቂ ወንድ ክብደት አይደለም።

ዱረቲ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አራቱንም አነበበች።

«እኔ ሳስገባ ይህ ወጥቶ አያውቅም» አለች።

«በምን ይወጣል? እርስዎ ሊያስገቡ አንድ ቀን ሲቀርዎት ተረፋ ወሰኑን ያወርደዋል። አራት ጊዜ!»

«አራት ጊዜ?»

«አላውቅም እንዳይሉኝ ብቻ።»

«አላውቅም ነበር።» ዱረቲ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሰኞ ሰኞ ሥራ በዛብኝ እያለ ከቢሮ አልወጣም ይል ነበር። እኔ ደግሞ እነጫነጭበት ነበር።»

ንጋት ፊቷን ከኮምፒውተሩ አላዞረችም። «117ን እሰርዘዋለሁ።»

«አትሰርዢው። ምን አደረገሽ? ቁጥሩ ትክክል ነው።»

«ይህን የሚያህል ቁመት ይዞ አርባ ኪሎ! እንዲህ ያለ ሰው የት አለ? እስቲ ያሳዩኝ።»

ዱረቲ የሹራቡን እጅጌ ፈታችው። እጇን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። ቀስ ብላ መልሳ አጠፈችው።

«የለም» አለች። «ከሥራ አስወጪኝ ግድ የለም። እሱን ግን ተዪው።»

በጥናቱ ደንብ አንድ ሰው ከመሰረዙ በፊት የፈረመበት የፈቃድ ቅጽ መታየት አለበት። ንጋት ከእሸቱ ቁልፍ ተቀብላ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። የ117ን አቃፊ ስታወጣ ባዶ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበረች። ባዶ አልነበረም። ውስጡ አንድ የተፈረመበት ወረቀት ነበር።

«መለያ ቁጥር፦ 117። ስም፦ ተረፋ ጆቴ። አድራሻ፦ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ። ሥራ፦ የስታቲስቲክስ ባለሙያ። የቅርብ ተጠሪ፦ ባለቤቱ ዱረቲ ቢራቱ።»