አውራ ጣት የሌለው ጉሬዛ

«አሜን የሚለው ማነው?» አሉ መምህር ተስፋልደት፣ ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው።

«ማንም አይልም፣ መምህር» አለች ሰምሃር ጮክ ብላ፤ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። «ቀበሮዋ ምርቃቱን ሰምታ ዝም ብላ ትሄዳለች።»

«ዝም ብላ?»

«ዝም ብላ።»

መርሳ ገበያ ዳር ያለችው ክፍል ግድግዳዋ በስፖንጅ ፍራሽና በእንቁላል ካርቶን ተሸፍኗል። ቢሆንም ባጃጅ ባለፈ ቁጥር የድምፅ ቀረጻው ይበላሻል፤ ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ተበላሽቷል። ከስሱ ግድግዳ ማዶ ሁሪያ ብርቱካን ትሸጣለች። የእሷም ድምፅ አልፎ አልፎ ሾልኮ ይገባል።

የሰምሃር የካርቱን ፊልም ቅዳሜ ወልድያ፣ አዳራሽ ውስጥ ይታያል። የጠፋችውን ጨረቃ ፍለጋ የምትወጣ ትንሽ ቀበሮ አለች፤ እሷን የሚመክር ነጭ ጸጉሩን እንደ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ ጉሬዛም አለ። ጎበጥ ያለው ጀርባው፣ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠራርግበት ልማድ፣ ሁሉም የመምህር ተስፋልደት ነው። አሁን ድምፁም የሳቸው ሆነ። ጠዋት «ተማሪዬ ከቡዳፔስት ድረስ መጥታ እኔን መረጠች!» እያሉ ለሁሪያ ሲነግሯት ሰምሃር በግድግዳው ሰምታለች። ደስ አላት። ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ ነገር ድምፁ ይበልጣል።

ሦስተኛ ክፍል ሳለች በግራ እጇ ስትጽፍ አዩዋት። ማስመሪያውን አቁመው በጠርዙ አውራ ጣቷን መቱት፤ አንዴ አይደለም። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ።

እንግዲህ ቅዳሜ አዳራሹ ይሙላ። ሰዉ የሚያውቀውን ድምፅ ይስማ። ሽማግሌው መርቆ መርቆ፣ መዳፉን እንደዘረጋ፣ አሜን የሚለው አጥቶ ሲቀር ይይ። በዚህ አገር ለሽማግሌ ከዚህ የባሰ ውርደት አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት በሰው አገር ስትማር ይህችን ትዕይንት ስትስል ኖራለች። አንዳንዴ የቀረውን ፊልም ለምን እንደሠራችው ራሷም ይጠፋታል።

«አንች ልጅ፣ ምርቃት እኮ አሜን ካላሉት ሜዳ ላይ ይቀራል» አሉ መምህሩ። «ቀበሮ ብትሆንስ! ያሳደጋት የለም?»

«ያሳደጋት ነው እንዲህ ያደረጋት።»

ሳቁ። «እስቲ ሥዕሉን አሳይኝ።»

ስክሪኑን አዞረችላቸው። «ጸጉሩን አበዛሽልኝ» አሉ መላጣቸውን እየዳበሱ። ቀጥለው ጎንበስ አሉ። «አውራ ጣቱስ?»

«ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፣ መምህር። እሱን እንኳ ፈጣሪ ነው የነሳው።»

ዓይናቸው ከስክሪኑ ወደ እጇ ወረደ። ማውሱን በግራዋ ይዛለች፤ ጠማማው ጣት ወደ ውጭ ገንጠል ብሎ ተቀምጧል። አልደበቀችውም። ይህችን ቅጽበት ነበር ስትጠብቅ የኖረችው። ይቅርታ ቢሉ የምትመልሰውን በሦስት ቋንቋ አዘጋጅታለች።

ይቅርታ አላሉም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«በይ ቅጂው» አሉ።

ቀዩ መብራት በራ። ወረቀቱን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«እግርሽ እንቅፋት አያግኘው። ያየሽው አይጥፋብሽ፣ የያዝሽው አይውደቅብሽ።» ወረቀቱ ላይ የሚቀጥለው «ቀኝሽ አይዛል» የሚል ነው።

«ግራሽ አይዛል» አሉ።

ከዚያ ጠበቁ።

የሰምሃር ደም ፈላ። በአንድ ቃል? ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ቃል ሊሻገሩት? ከንፈሯን ነክሳ ሰከንዱን ቆጠረች። አራት። ስድስት። ዘጠኝ ላይ፣ በጆሮ ማዳመጫዋ ውስጥ፣ ከግድግዳው ማዶ የሁሪያ ድምፅ ገባ።

«አሚን!»

ማን እንደመረቀ፣ ማን እንደተመረቀ አልጠየቀችም። ምርቃት ሰማች፣ ተቀበለች፤ ወዲያው ወደ ብርቱካኗ ተመለሰች።

መምህሩ አልሰሙም። ድምፁ የደረሰው ለሰምሃር ብቻ ነው። ልትነግራቸው ትችል ነበር።

«ጨርሰናል» አለች፣ እንዲሰሟት ጮክ ብላ።

ተነሱ። መዳፋቸውን ሳያጥፉ፣ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ወጡ።

የሁሪያ አሚን ስክሪኑ ላይ በተዘረጋው የድምፅ መስመር ትንሽ ጉብታ ሆና ተቀምጣለች። ሰምሃር በጠማማ ጣቷ ማጥፊያውን አንዴ ተጫነች። ጉብታዋ ጠፋች፤ መስመሩ ለጥ አለ። የፈለገችው ይኸው ነበር።

ከመጀመሪያው አጫወተችው። እንቅፋቱ አለፈ። የያዝሽው አለፈ። ግራሽ አለፈ። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ቃሉ ሳትጠራው አፏ ውስጥ ተገኘ። እንደ ብርቱካን ዘር በጥርሷ ያዘችው፤ አልዋጠችውም፣ አልተፋችውም።